ኬጂ የሚደግም ጎልማሳ

አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፤ በዚህ ገጠመኝ ውስጥ ጀግና የለም። ያለው ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ቦርጩ ከቀበቶው አልፎ የሚታይ፣ ከራሱ ቁመት ብዙም ከማትበልጥ አንዲት ድንጋይ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ታግሎ በየሳምንቱ በጀርባው የወደቀ ሰውዬ ነው። ሰውዬው እኔ ነኝ።

አዳማ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነኝ። ሥራዬ መሪ ጨብጦ ከሚንቀጠቀጥ ሰው ጎን ተቀምጦ «ቀላል ነው እኮ!» ማለት ነው። ሠልጣኙ ፍሬን ርገጥ ሲባል ነዳጅ ሲረግጥ፣ «ቀላል ነው እኮ!»። ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተትበትና ከኋላው ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን ሲያቀልጠው፣ «ቀላል ነው እኮ!»። ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምላት አላውቅም። ከእሷ ሌላ የሚባል ነገር ይኖራል ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር።

ወደ ድንጋዩ ያስገባችኝ ሰዓዳ ናት። መናኸሪያው አካባቢ የሞባይል ዕቃ የምትሸጥ፣ ቀጭን፣ ምላሷም ጣቷም የጠነከረ ልጅ ናት። መንጃ ፈቃዷን ባወጣች ሳምንት «ቲቸር፣ እኛ እሁድ እሁድ ቋጥኝ እንወጣለን። ለምን አትመጣም? ለቦርጭም ይረዳል» አለችኝ። ቦርጬ በመነሳቱ ተናድጄ አልሄድም ብዬ ነበር። እሁድ ሲደርስ ግን ሄድኩ።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነበር፤ ሰዓዳ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነው መስፍንና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጫላ። በሶደሬ መንገድ ጥቂት ሄደው፣ አስፋልቱን ለቀው፣ ግራር መሃል ወደተበተኑት ጥቋቁር ቋጥኞች ይገባሉ። ገመድ የሚባል የለም፤ ቋጥኞቹ ያን ያህል ረጃጅም ስላልሆኑ የወደቀውን ከታች የተነጠፈ ፍራሽ ይቀበለዋል። ፍራሹ አሮጌ ስፖንጅ በሸራ ተሰፍቶ የተሠራ ነው። እጃቸው በላብ እንዳያንሸራትታቸው የሚቀቡት ደግሞ የተፈጨ ጠመኔ ነው። ባጃጅ ላይ ፍራሽ ጭነን ስናልፍ ያየን ሁሉ ቤት የለቀቅን ይመስለዋል። በዕድሜ ስለምበልጣቸው በመጀመሪያው ቀን «ፋዘር» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አሁን ስለ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የቁጥር ጣጣ ነውና። እያንዳንዱ ቋጥኝ ለመውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ ደረጃ አለው። ዜሮ ለጀማሪ ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ ዐሥራ ሰባት ሲደርስ በዓለም ላይ የወጡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድን ቋጥኝ ቀድሞ የወጣ ሰው ስም ያወጣለታል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ከእሱ በኋላ የወጡት ቁጥሩን ያጸድቃሉ ወይም ይቀንሳሉ። ያልወጣ ሰው ስለ ቁጥሩ ትንፍሽ አይልም። አንድ ሰው አናት ላይ ሲደርስ ከታች ያሉት «እንዴት ናት?» ይሉታል፤ እሱም ፍርዱን ይሰጣል።

አፈራረዱን የተማርነው በስልክ ከምናያቸው የቋጥኝ መውጣት ታላላቆች ነው። ሰዎቹ በሁለት ጣት ተንጠልጥለው፣ ደም ሥራቸው ተገትሮ፣ ምጥ እንደያዘው እየጮኹ ይወጣሉ። ወርደው ሲጠየቁ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። «ደስ ትላለች። ትንሽ ለስላሳ ናት መሰለኝ። ለእኔ አካል ተመችታለች» ይላሉ። ለስላሳ ማለት ከተሰጣት ቁጥር ታንሳለች ማለት ነው። አሁን አፉን ከፍቶ ሲያቃስት የነበረ ሰው እንዲህ ሲል ስታዩት ነገሩ ተኝቶ ጥርኝ ውሃ እንደማንሳት ቀላል ይመስላችኋል።

የእኛ ሦስቱ ከመውጣቱ ይልቅ ይህን ንግግር በደንብ ተክነውታል። ሰዓዳ ከላይ ሆና «ሳላሟሙቅ ነው እኮ የወጣኋት» ትላለች። መስፍን «አሁን ሳስበው ቁጥሯ በዝቷል» ይላል። ጫላ ምንም አይልም፤ ወርዶ ያዛጋል። ከሦስቱም የሚያናድደኝ ማዛጋቱ ነበር።

ቋጥኞቻችን ውስጥ ሁለቱን ማወቅ ይበቃችኋል። አንዷ «አማት» ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ቀና ብለው ሲያዩዋት የምታስፈራ። ስምንት ተሰጥቷታል። ሁለተኛዋ «ኬጂ» ናት። አጭር፣ ሆዷ ወደ ውጭ የተነፋ፣ ዜሮ የተሰጣት የጀማሪ ድንጋይ። ከሥሯ ቁጭ ብሎ ይጀመራል፤ ሆዷን ዞሮ፣ ለስላሳ አናቷን በመዳፍ ይዞ መውጣት ነው። አናቷን «መላጣው» እንለዋለን። የቡድኑ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ ኬጂን ያላለፈ ሌላ ቋጥኝ አይነካም።

እንግዲህ ገባችሁ። ሁለት ዓመት ያህል ኬጂ ደገምኩ። የጎረቤቴ ልጅ እውነተኛውን ኬጂ ጨርሶ አንደኛ ክፍል ሲገባ እኔ እዚያው ነበርኩ። ከእኔ በኋላ የመጡ ሰዎች አንድ ሁለቴ ሞክረው፣ ሦስቱ «ዜሮ ናት እኮ» ሲሏቸው አፍረው እየቀሩ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ለምን አልቀረሁም? ጽናት ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። ዜሮ የወደቀ ሰው ተብዬ መቅረቱ ሞት መስሎኝ ነው። እንደ ማሽላ እያረርኩ እየሳቅሁ፣ ፍራሽ እየተሸከምኩ፣ ውሃ እየገዛሁ፣ የሌሎቹን ቪዲዮ እየቀረጽኩ ኖርኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን መስፍን ጁስ ቤት ጠርቶን ወሬ ነገረን። ዋንጂሩ ከምትባል የናይሮቢ ልጅ ጋር በኢንተርኔት ተዋውቋል፤ ዐሥራ ሁለት ቁጥር የወጣች፣ በእኛ ሰፈር አነጋገር ጉድ የሆነች። ለሥራ አዲስ አበባ ትመጣለች፤ እሁድን ከእኛ ጋር ልትውል ነው። አማትን በቪዲዮ አይታ ወዳታለች።

ሦስቱ በደስታ ሊፈነዱ ደረሱ። ከዚያ መስፍን ወደ እኔ ዞረና፣ «ፋዘር፣ አንተ እሁድ ትቀርጻለህ አይደል?» አለኝ።

«እቀርጻለሁ። በመሃል እኔም ኬጂን ልሞክር አስቤ ነበር።»

 ጫላ የአቮካዶ ጁሱን በማንኪያ ማማሰል ጀመረ። በመጨረሻ ሰዓዳ፣ «ፋዘርዬ፣ አትቀየመኝ» አለች። «እንግዳ ፊት ዜሮ ስትወድቅ… ያው ለቡድኑም ደስ አይልም።»

«ልክ ነሽ» አልኩ። ልክ ናት ብዬም አምኜ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ግን መንገዱን ሁሉ «ለቡድኑም ደስ አይልም» እያልኩ ለራሴ ደገምኩት።

ባለቤቴ የሁሩታ ልጅ ናት፤ ቃል አታባክንም። ራት ላይ፣ «ወስኛለሁ» አልኳት። «እሁድ ኬጂን ካልወጣሁ ይህን ነገር ለዘላለም እተወዋለሁ። ለእኔ እንዳልተፈጠረ አውቄ እቀመጣለሁ።»

ወጡን ወደ እኔ እየጨመረች፣ «ስለዚህ እሁድ ትተዋለህ» አለችኝ።

እሁድ ማንም ሳይደርስ ቀድሜ ሄድኩ። ሐሳቤ እንግዳዋ ከመምጣቷ በፊት ኬጂን ወጥቼ፣ ሲደርሱ አናቷ ላይ ተቀምጬ እንደዋዛ ማዛጋት ነበር። ማዛጋቱን መንገድ ላይ ተለማምጄዋለሁ። ፍራሼን አንጥፌ ጀመርኩ። ወደቅሁ። ደገምኩ፤ ወደቅሁ። በሦስተኛው መላጣውን በጣቴ ጫፍ ነክቼ እንደ ጥንዚዛ በጀርባዬ ተዘረርኩ፤ ዓይኔን ስገልጥ አራት ፊት ቁልቁል እያየኝ ነው። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። አራተኛው ትንሽ፣ ጥቁር፣ የተረጋጋ የሴት ፊት ነበር።

ዋንጂሩ እጇን ዘረጋችልኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ገና ከመሬት ሳልነሳ፣ በዚያ በእኔ እንግሊዝኛ፣ «ቀላል ናት» አልኳት። «ዜሮ ናት።»

ወደ ድንጋዩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ጎትታ አነሳችኝ። ጫላ በሐፍረት ወደ ግራሩ ዞረ።

ወደ አማት ሄድን፤ እኔ ስልኬን ይዤ መቅረጽ ጀመርኩ። ሰዓዳ ለእንግዳዋ፣ «ስምንት ነው ያልናት፤ ግን ትንሽ ለስላሳ ናት» አለቻት። መስፍን፣ «አዎ፣ ቁመት ላለው ሰው ምንም አይደለችም» ብሎ ጨመረ። ጫላ አዛጋ። ዋንጂሩ ጠመኔ ተቀባች፣ የአማትን ፊት አንዴ ከታች እስከ ላይ በዓይኗ ለካችው፣ ከዚያ ወጣች። በቃ ወጣች። አንድ ጊዜ ብቻ እግሯን ቀይራለች። የቀረጽኩትን ሳየው እስከ ዛሬ ከመሃሉ የተቆረጠ ነገር ያለ ይመስለኛል።

«እንዴት ናት?» አለ መስፍን። 

«ታምራለች» አለች ከላይ። «በጣም ታምራለች። ከፍታዋ ያስፈራል። እንቅስቃሴው ግን… አራት? አትቀየሙኝ።»

ከስምንት ወደ አራት! ሰዓዳ ጫማዋን እንደማስተካከል ብላ አጎነበሰች። መስፍን፣ «አዎ፣ አዎ፣ እኛም በዝቷል ስንል ነበር» አለ። አሮጌው ንግግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኖ ሲመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ በውስጤ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፀሐዩ ሲበረታ ግራሩ ሥር ገብተን ውሃ ጠጣን። ዋንጂሩ ሳንቡሳዋን እየበላች ዓይኗን ኬጂ ላይ ጣለች።

«ያቺስ?»

«እሷ የጀማሪ ናት» አለ መስፍን። «ዜሮ ናት። ፋዘር የሚለማመድባት።»

«እስቲ ጣቴን ላፍታታባት» ብላ ተነሳች። ቁጭ አለች፣ ያዘች፣ ተነሳች። የድንጋይዋ ሆድ ላይ ስትደርስ ወደቀች።

ማንም አልሳቀም። ጨዋ ሰው እንግዳ ሲያንሸራትተው እንዳላየ ነው የሚሆነው። ሁላችንም ሰማዩን አየን። እንደገና ሞከረች፤ ወደቀች። አሁን ጫማዋን አውልቃ ጠረገችው። ከቦርሳዋ የጥርስ ብሩሽ አውጥታ መያዣዎቹን ቦረሸች። ሞከረች፤ ወደቀች። ፊቷ እየተለወጠ መጣ። አማት ሥር ያልነበረ አንድ ደስታ ዓይኗ ውስጥ በራ።

«ዜሮ ነው ያላችሁኝ?»

«ዜሮ» አለች ሰዓዳ፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

«እንዴት ነው የምትወጧት?»

መስፍን እጁን አወናጨፈ። «ያው… ዝም ብለሽ ነው የምትወጪያት።»

ጫላም፣ «ዝም ብሎ ነው» አለ።

ዋንጂሩ ከሦስቱ መልስ አጥታ ወደ እኔ ዞረች። እንግዲህ ስለ ኬጂ ከእኔ በላይ የወደቀ ሰው በምድር ላይ የለም። የት ቦታ ምን እንደሚያንሸራትት፣ ከየትኛው መያዣ በየትኛው ጎን እንደሚወደቅ፣ የቱ መውደቅ ወገብ፣ የቱ ክርን እንደሚያሳምም እኔን ጠይቁኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ቀኝ እጇ ያለበትን ስለታም ጠርዝ ቶሎ እንዳትለቀው። ግራ እግሯን እንዳታምነው። ተረከዟን ከድንጋይዋ ሆድ ጎን ያለችው ጎድጓዳ ላይ እንድትሰካ። መላጣውን ለመጨበጥ እንዳትሞክር፤ የሚጨበጥ የለውም፤ መዳፏን ጥላበት ክብደቷን ወደ ታች እንድትጥል።

«ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ ለምን አትወጣትም?» አለችኝ።

ቦርጬን መታ መታ አድርጌ፣ «እኔ የማውቀውን እሱ አያውቀውም» አልኳት። ሳቀች።

ግን ወዲያው አልወጣችም። ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ ነፋሱ ተነሳ፤ አቧራው ዓይናችንን ሞላው። ትሞክራለች፣ ትቀመጣለች፣ ጣቷን ትነፋለች፣ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ሦስቱ የቡድኔ ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ ፍራሹ ተጠግተው ቆሙ። ጫላ ማዛጋቱን ረስቶ በኦሮምኛ «ጀባዹ! ጀባዹ!» እያለ፣ በርቺ እያለ ይጮሃል። በመጨረሻ ተረከዟን ሰካች፣ መዳፏን መላጣው ላይ ጣለች፣ መላ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ከጉሮሮዋ ከባድ ድምፅ ወጣ፣ ወጣችም።

ኬጂ አናት ላይ በሆዷ ተኝታ ለረጅም ጊዜ ትንፋሿን ሰበሰበች። መስፍን በልማዱ፣ «እንዴት ናት?» አለ። እኛ ሁላችን «ለስላሳ ናት» የምትለውን ነበር የጠበቅነው።

«ከባድ ናት» አለች። «በጣም ከባድ ናት። ስምንት። ምናልባትም ዘጠኝ።»

 የናቁት ምን እንደሚያደርግ ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ ሴት ልጅ ፊት አልጨርሰውም።

ሰዓዳ ቀድማ ነቃች። «ግን ትልልቆቹ እንዲህ አይሉም» አለች። «ሁልጊዜ ለስላሳ ናት፣ ተመቸችኝ ነው የሚሉት።»

ዋንጂሩ ወርዳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። «እኔም እላለሁ» አለች። «የምንለው ስለምንፈራ ነው። ስምንት ብዬ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ስድስት ቢላት አፍራለሁ። ስለዚህ ቀድሜ ዝቅ አደርጋታለሁ። ያኔ የሚያሳፍረኝ የለም። እዚህ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነው እውነቱን የተናገርኩት።» ከዚያ ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «እናንተ ግን እውነት ዜሮ መስሏችሁ ነው?» አለቻቸው።

ጫላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ…» አለ፤ «እኔ ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን እየመጣሁ ነው የተለማመድኳት።»

«ምን?» አለች ሰዓዳ።

«ከሥራ ስወጣ፣ ማንም እንዳያየኝ። እናንተ በቀላሉ ስትወጧት ያልቻልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ።»

«እኔ መቼ በቀላሉ ወጣኋት!» ሰዓዳ ጮኸች። «ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሱቅ የዘጋሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጣቴ አብጦ ቁልፍ መያዝ አቅቶኝ እኮ ነው!»

ሁለቱም ወደ መስፍን ዞሩ። ኬጂን መጀመሪያ የወጣት፣ ስሟንም ቁጥሯንም የሰጣት እሱ ነው። መስፍን ለሆቴሉ እንግዶች እንደሚያደርገው ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም።

«እናንተን ሳላውቅ በፊት» አለ፣ «አንድ ዓመት ፈጅታብኛለች።»

«ታዲያ ዜሮ ያልካት ለምንድን ነው?» አለች ሰዓዳ።

«ትንሽ ናት እኮ!» አለ። «እዩዋት እስቲ! ይህችን የምታህል ድንጋይ አንድ ዓመት ፈጀችብኝ ብል ምን ትሉኝ ነበር? አማት ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ስለዚህ ስምንት አልኳት። ይህቺ አታስፈራም፤ ስለዚህ ቀላል መሆን አለባት አልኩ። ከዚያ እናንተ መጥታችሁ ወጣችኋት፣ ዝም አላችሁ። ዝም ስትሉ በእርግጥም ዜሮ ናት ማለት ነው ብዬ አመንኩ።»

ተያዩ። ሳቁ መጀመሪያ ከጫላ ነው የመጣው፤ ከዚያ ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የባንክ ሠራተኛው ትዝ አላቸው፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ መጥቶ በዚያው የቀረው። ሁለቱ ነርሶች ትዝ አሏቸው። «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ የሄደው የጫላ የአጎት ልጅ ትዝ አላቸው።

«እኛ ሦስት ብቻ የሆንነው» አለ ጫላ ዓይኑን እየጠረገ፣ «አዳማ ውስጥ ጠንካራ ሰው ጠፍቶ መስሎኝ ነበር።»

እኔ አልሳቅኩም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ስወድቅ የኖርኩት ስምንት ላይ ነው! ከዚያ ደሜ ፈላ። ፍራሽ ተሸክሜ፣ ውሃ ገዝቼ፣ በየእሁዱ አፍሬ ቤቴ የገባሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። «ሁለት ዓመት!» ብዬ ፍራሹን በእርግጫ ስለው ከሥሩ ድንጋይ ነበርና አውራ ጣቴን ይዤ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። እንዲህ ነው የእኔ ቁጣ። ተቆጥቼ እንኳ የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም።

ሰዓዳ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። «ፋዘር፣ ይቅርታ» አለችኝ። በእሷ አፍ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቁጣዬን ወሰደችው።

«አሁን አንተ» አለች ዋንጂሩ።

ያሉት ፍራሾች ሁሉ ከሥሬ ተነጠፉ። አራቱም እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ቁጭ አልኩ፣ ያዝኩ፣ ተነሳሁ። ሆዷን በሆዴ ታክኬ አለፍኩ። ተረከዜ ተሰካ። መዳፌን መላጣው ላይ ጣልኩ፤ ያዘ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘ። «ጀባዹ ፋዘር!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደ ተቀባ ቅቤ፣ ተንሸራተተና ወደቅሁ። ሁሉም ያዙኝ፤ ጫላ ከሥሬ ሆኖ አቃሰተ።

በመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ በወጣሁ ነበር። ይሄ ግን ኑሮ ነው፤ ወደቅሁ።

ዋንጂሩ ጎንበስ ብላ፣ «ለአንተ እንዴት ናት?» አለችኝ።

ሕጉን ታውቃላችሁ፤ ያልወጣ አይፈርድም። ወደ መስፍን አየሁ። መስፍን በጭንቅላቱ፣ ተናገር፣ አለኝ።

«ከባድ ናት» አልኩ።  ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያላልኩት ቃል ነበር። ለባለቤቴ እንኳ አላልኩም፤ «ቀላል ናት፣ እኔ ነኝ ደካማው» እያልኩ ነው የኖርኩት። ቃሉ ሲወጣ ከደረቴ ላይ ሰው የተነሳ ያህል ቀለለኝ፤ አፍሬም ሳላፍርም እዚያው ፍራሹ ላይ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ «ተውከው?» አለችኝ።

«ስምንት ናት!» አልኳት። «ድንጋይዋ ስምንት ናት!»

«ወጣሃት?»

«አልወጣኋትም!»

ደስታዬን አይታ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች፤ ትኩሳት መስሏት ነው። ለካስ ሰው በመውደቁ እንዲህ ሲደሰት አይታ አታውቅም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ስለ ድንጋይ ምን አገባን እንዳትሉኝ። ሰኞ ሥራ ስገባ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ነጋዴ ተረኛ ሠልጣኝ ነበሩ። ሚኒባስ ገዝተው ራሳቸው ሊነዱት የተነሱ፣ መኪና ወደ ኋላ ማቆም ግን አልሆንላቸው ብሎ ፈተና እየወደቁ የሚመለሱ ሴት ናቸው። የፍሪሲዮኑን ፔዳል በድንገት ለቀው መኪናው ሲጠፋባቸው አፌ በልማዱ ተከፈተ። ዘጋሁት። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ከባድ ነው» አልኳቸው። «እኔም ስማር አጥር ገጭቻለሁ።»

መሪውን ለቀው ዞረው አዩኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ቀላል ነው ትለኝ ነበር ልጄ?» አሉኝ። «እኔ እኮ ጭንቅላቴ የተበላሸ መስሎኝ፣ ለልጆቼም ሳልናገር ቀረሁ።»

 እናንተም ብትሆኑ «ቀላል ነው» ስትሉ ለማበረታታት ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ቀላል ነው የተባለ ሰው ግን ሲያቅተው የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ይህን ያወቅሁት ሁለት ዓመት በጀርባዬ ወድቄ ነው፤ ለእናንተ በነፃ ሰጥቻችኋለሁ።

ቡድኑ አሁን ብዙ ሰው ነው። የባንኩን ሠራተኛ ራሴ ቢሮው ድረስ ሄጄ መለስኩት፤ አንደኛዋ ነርስም ተመልሳለች። የኬጂን ስም እንቀይር ወይ ብለን ተከራክረን ተውነው፤ ቁጥሯ ግን ስምንት ሆኗል።

በመጨረሻም ወጣኋት። አንድ እሁድ፣ ከሌላው እሁድ ምንም የተለየ ነገር ሳይኖረው፣ መዳፌ መላጣው ላይ ያዘና ሳይንሸራተት ቀረ። በሆዴ ተስቤ አናቷ ላይ ስጋደም ከታች ጩኸቱ ቀለጠ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብለው፣ «እንዴት ናት?» አሉኝ።

ብታምኑም ባታምኑም፣ ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው «ለስላሳ ናት» ነበር። ማዛጋትም አምሮኝ ነበር። ይህን ሁሉ አይቼ፣ አልቅሼ፣ ለእናንተ ልመክር የተነሳሁት ሰውዬ፣ አንዴ ከላይ ብወጣ አፌ ለዚያች ውሸት ተዘጋጅቶ ተገኘ።

ከታች በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። ሐዊ ትባላለች፤ የተዋሰችውን ጫማ ገና ማሠር አልጨረሰችም። ድንጋይዋን አየች፣ እኔን አየች፣ በፍርሃት፣ «ቀላል ናት አይደል?» አለችኝ።

«አይደለችም» አልኳት። «ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅታብኛለች። ነይ፣ ሞክሪያት፤ እኔ ከሥርሽ እቆማለሁ።»